የገመዱ ሌላኛ ጫፍ

ኦክታቭ ደልሜን ሞቶ ያገኙት አሥራ አንድ ጎብኚዎችና አንዲት አስጎብኚ ናቸው። ከአሥራ አንዱ አራቱ መጀመሪያ ፎቶ አነሱ፤ መጮህ ትዝ ያላቸው ከዚያ በኋላ ነው። በሉርቶ እንዲህ ያለው ነገር አይገርመንም። ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ነጩን ገደል፣ አሮጌውን ቤተ ክርስቲያንና ግማሹ ባሕር የገባውን መቃብር ለማየት ነው። ገደሉ ሰው ሲበላ ደግሞ የጎብኚው ቁጥር ይጨምራል።

ሬሳው ከገደሉ ሥር፣ ጠጠሩ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ራስጌው ላይ ከላይ የወረደ የጠመኔ ድንጋይ ተከምሯል። ኦክታቭ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሠላሳውን ዓመት ጎብኚ ሲመራ፣ «ከገደሉ ራቅ በሉ፣ ወዳጅ አያውቅም» ሲል ነው የኖረው። መንደሩ ለመፍረድ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ገደሉ ናደበት፣ አለቀ።

ከንቲባችን ባስቲያን ሎርሜልም ይህንኑ ሊያስጽፍ ቸኩሎ ነበር። ከፓሪስ መጥቶ የተመረጠ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። ሻምበል ሶላንዥ ቶካር ከፖሊስ መኪናዋ ወርዳ፣ ረጅሙን ደረጃ እያለከለከች ጨርሳ ጠጠሩ ላይ ስትደርስ እጁን ዘርግቶ ጠበቃት። እሷ ግን እጁንም ሬሳውንም ትታ ባሕሩን ማየት ጀመረች።

«ሬሳው በዚህ በኩል ነው፣ ሻምበል።»

«አይቼዋለሁ። የትም አይሄድብኝም። ከንቲባ ሎርሜል፣ ይህ ባሕር ለእርስዎ ምን ዓይነት ነው?»

«ምን ዓይነት ማለት? ባሕር ነዋ! አረንጓዴ።»

«አረንጓዴ» አለች፤ በደብተሯም ጻፈችው።

ትንሽ ራቅ ብሎ የቆመው የሰማንያ ዓመቱ ዓሣ አጥማጅ አንሴልም ይህን ሲሰማ ቆቡን አወለቀ። የገባው እሱ ብቻ ነበር፤ ከንቲባው ሽማግሌው ለሟች ክብር የሰጠ መሰለው።

ሶላንዥ ከክምሩ አንዱን ድንጋይ ገለበጠች። ሥሩ በባሕር አረም ለምልሟል። ከዚያ ተንበርክካ የኦክታቭን እጆች ፈታታች። ሁለቱም መዳፎች መሐል ለመሐል ቀይ ሰንበር አለባቸው።

«ደም ነው» አለ ከንቲባው፣ ፊቱን አዙሮ።

አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ ሰንበሩን አሸችውና አሸተተችው። «ደም የበግ ጠጉር አይሸትም» አለች።

ከደረጃው አናት፣ እንጨት ላይ የተሰቀለ ጥቁር ሰሌዳ አለ። ወደ ገደሉ ሥር የሚወርድ የሉርቶ ሰው ሁሉ፣ ከመሬት ባነሳው ጠመኔ ምልክቱን ይሥላል፤ የሚወርድበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ይጽፋል። ሲመለስ በገዛ እጅጌው ያጠፋዋል። ስም አንጽፍም። አያቶቻችን ፊደል ስላልቆጠሩ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ምልክት ነበረው፣ እኛም አልተውነውም። የደልሜዎች የባሕር ወፍ ነው። ሳይመለስ የቀረን ሰው ምልክት ከቀብር በኋላ የሚያጠፋው የሥጋ ዘመዱ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም።

የዚያን ቀን ሰሌዳው ላይ ክንፏን የዘረጋች ወፍ ነበረች። ከሥሯ፦ ወራጅ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ተመላሽ አምስት ሰዓት ተኩል።

«ይኸው» አለ ከንቲባው። «ወረደ፣ ገደሉ ናደበት፣ ሞተ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

«ውሸት ነው!» ያለችው ክሎቲልድ ናት፣ ሬሳውን ያገኘችው አስጎብኚ። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ስታለቅስ ዓይኗ አብጧል። «ሦስት ሰዓት ላይ ዳቦ ቤቱ በር ላይ አግኝቼዋለሁ። ዳቦውን በብብቱ፣ ገመዱን በትከሻው አድርጎ ወደ ላይ ሲሄድ ነበር፣ ወደ ታች አይደለም!»

«ሰሌዳው ዋሸ ነው የምትዪው?»

«ታዲያ እኔ ልዋሽ?»

«እኔ እንጃ። ትናንት መጠጥ ቤት ውስጥ በሰው ፊት ‹ብትሞት እንኳ ቦታህን አትለቅልኝም!› ብለሽ የጮኽሽበት አንቺ ነሽ። ሃያ ሰው ሰምቷል።»

ሶላንዥ የልጅቷን ክንድ ይዛ ወደ ጎን ወሰደቻት።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ከእንግዲህ ጎብኚዎቹን ከእህቱ ቤት በታች አታሳልፊ አለኝ። ምክንያቱን ብጠይቀው ‹እኔ ስላልሁ› አለ። ምቀኝነት መሰለኝ፣ ሻምበል። እንጀራዬን ሊዘጋብኝ መሰለኝ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «እኔ ደግሞ እልህ ይዞኝ ዛሬ በዚያው አሳለፍኋቸው።»

«ገመዱስ?»

«መለኪያው ነዋ። በየወሩ መጨረሻ ከእህቱ ቤት ግድግዳ እስከ ገደሉ አፍ ይለካል። በየሜትሩ ቀይ የሱፍ ክር የታሰረበት፣ የአባቱ ገመድ ነው። ቁጥሩን ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ለከንቲባው ማቅረብ ነበረበት። ከአምስት ሜትር በታች ከሆነ ቤቱ ይለቀቃል፣ የባሕር ዳሩም መንገድ ለጎብኚ ይዘጋል።»

«አሁን ገመዱ የት አለ?»

ክሎቲልድ ወደ ሬሳው አየች፣ ወደ ጠጠሩ አየች። ገመድ የሚባል ነገር የለም።

ሶላንዥ ቀጥላ ወደ አንሴልም ጎጆ ገባች። ሽማግሌው በጭስ የደረቀ ዓሣ በሳህን አቀረበላት። ሳህኑ በእጁ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«የቶካር ልጅ፣ ወፍረሻል።»

«እርስዎ ደግሞ አልሞቱም።»

«እሱስ ልክ ነሽ፣ አልሞትሁም» ብሎ ሳቀና ወዲያው ሳቁን ዋጠው። «ባሕሩን አየሽው አይደል?»

«አየሁት። አሁን ስለ ሰሌዳው ይንገሩኝ። ባሕሩ ዛሬ ሸሽቶ የሚያበቃው ስንት ሰዓት ላይ ነበር?»

«አራት ሰዓት።»

«በማን ሰዓት?»

ሽማግሌው ሰረቅ አድርጎ አያት። «በባሕር። በሰው አምስት።»

ይህ የእኛ አገር ጣጣ ነው። መንግሥት በጋ ሲመጣ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋል፣ ክረምት ሲገባ ይመልሳል። ባሕሩ ግን አዋጅ አይሰማም። ስለዚህ የድሮ አጥማጅ ቤተሰቦች ሰዓታቸውን አይነኩም፤ ዓመቱን ሙሉ በአንዱ ይቆጥራሉ። እሱን የባሕር ሰዓት እንለዋለን፤ የቀረው የሰው ሰዓት ነው።

«ኦክታቭ ሰሌዳው ላይ በየትኛው ነበር የሚጽፈው?»

«ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ አንድ ቀን በባሕር ሰዓት ጻፈ። አንዲት የሩቅ አገር ሴት ሰሌዳውን አይታ በራሷ ሰዓት ወረደች፣ ባሕሩ ገና ደረጃው ላይ እያለ። ማዕበል ጠረጋት። ሦስት ቀን ፈለግናት።» አንሴልም ዓሣውን በቢላ ይቆራርጥ ጀመር፣ አልበላም። «ከዚያ ወዲህ ኦክታቭ የባሕር ሰዓት ጽፎ አያውቅም። እኔ እንኳ አፌ ስቶ የባሕር ሰዓት ስል ተነስቶ ይወጣ ነበር።»

«ገመዱንስ ማን ነበር የሚይዝለት?»

«እኔ ነበርሁ። እጄ እንዲህ ከሆነ አምስት ዓመቱ፤ ከዚያ ወዲህ ማን ያስይዘኛል?» ቢላውን አስቀመጠ። «ወይኔ ጉዴ» አለ፣ ድምፁ ወርዶ። «ተዪኝ ልጄ። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።»

ሶላንዥ ደብተሯን ከድና ወጣች።

የኤርሚን ቤት ገደሉ አናት ላይ ያለ የመጨረሻው ቤት ነው። ድሮ ከፊቱ ሁለት ቤትና አንድ የፖም ማሳ ነበረ። ኤርሚን የኦክታቭ ታላቅ እህት ናት፤ ስልሳ አራት ዓመቷ፣ ቀጥ ያለች፣ ነገር የማታበዛ። ባሏ ሬሚ ከስድስት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቶት ግማሽ አካሉም አንደበቱም ተይዟል። ሰው አይለይም። የሚያውቀው መስኮቱን ብቻ ነው። ጠዋት ወንበሩን ወደ ባሕሩ ስታዞርለት ፊቱ ይፈታል፤ ሆስፒታል የወሰዱት ጊዜ ግን አሥር ቀን እህል አልቀመሰም። ሐኪሙም ደግመው እንዳይሞክሩት ነግሯታል። ኤርሚን በዚህ ዓለም የቀራት ይህ ብቻ ነበር፣ ያ ሰው በዚያ መስኮት እያየ እንዲሞት።

ሶላንዥ ስትገባ ሬሚ የተዘጋ መስኮት ፊት ተቀምጦ ያቃስት ነበር። አንዱ ዓይኑ ያነባል።

«እግዜር ያጽናዎት፣ ማዳም ኤርሚን።»

«ያጽናን። ሰው ሊሰበሰብ ነው፣ ቤቱን እንዲህ ሆኖ አገኙት።»

«ወንድምዎን ዛሬ አይተውታል?»

«አላየሁትም። ሲለካ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ለካ በቀጥታ ወርዷል።»

«ዛሬ አልለካም ማለት ነው?»

«አልለካም።»

ሶላንዥ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ከዚያ የእጇን። የእጇ ስምንት ይላል፣ የግድግዳው ሰባት።

«ሰዓትዎ ዘግይቷል።»

«አልዘገየም። የባሕር ነው። አባቴ እንደተወው ነው።»

«መስኮቱን ምነው ዘጉት? ቀኑ ብሩህ ነው።»

«ነፋስ አለ። መዝጊያው ማጠፊያው ወልቋል፤ ምስማር አንመታም እዚህ፣ ያውቃሉ።»

ታውቃለች እንጂ። ከገደሉ አፍ በመቶ እርምጃ ውስጥ መዶሻ የሚያነሳ የሉርቶ ሰው የለም። አንድ ምት ስንቱን እንደሚንድ ማን ያውቃል? አጥር እንኳ የምናቆመው አስረን ነው። መዝጊያውም በገመድ ተጠምጥሞ ታስሯል። ሶላንዥ ጠጋ ብላ አየችው። ዘወር ብላ ለረዳቷ ፖሊስ፣ «ከንቲባውን፣ ልጅቷንና አንሴልምን ወደዚህ ጥራልኝ። ሽማግሌውን በመኪና አምጣው» አለችው።

ሁሉም በኤርሚን ማድ ቤት ተሰበሰቡ። ክሎቲልድ በሩ አጠገብ ቆመች። አንሴልም ወንበር ላይ ተቀምጦ ወለሉን ያያል። ከንቲባው የእጅ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ኤርሚን ከባሏ ወንበር ኋላ ቆማ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋለች።

«አሳጥሬ እናገራለሁ» አለች ሶላንዥ። «ይህ ገደል ሲናድ ባሕሩ ወተት ይሆናል። አንድ ጋሪ ጠመኔ ቢወርድ እንኳ ውሃው ሁለት ቀን አይጠራም። ዛሬ ባሕሩ አረንጓዴ ነው፤ ከንቲባ ሎርሜል ራሳቸው መስክረዋል። ድንጋዩም ሥሩ አረም አብቅሏል፣ የዓምና ነው። ስለዚህ ገደሉ አልናደም። ኦክታቭ ከታች ሆኖ አልሞተም፤ ከላይ ነው የወደቀው። በጀርባው፣ ፊቱን ወደዚህ ቤት አድርጎ።»

«ራሱ አዳልጦት ቢሆንስ?» አለ ከንቲባው።

«ከላይ አዳልጦት የሞተ ሰው ወርዷል ብሎ ሰሌዳ ላይ አይጽፍም። ሌላ ሰው ጻፈለት። ለምን? ከላይ ወደቀ ከተባለ እኔም እርስዎም መጥተን የወደቀበትን ቦታ እናያለን። ያ ሰው ደግሞ ማንም ቀና ብሎ እንዲያይ አልፈለገም።»

«ክሎቲልድስ? የተጣላችው እሷ ናት።»

«ክሎቲልድ ለጎብኚ የምትጽፈው በሰው ሰዓት ነው፤ እርስዎም ከሰው ሰዓት ሌላ መኖሩን የሚያውቁ አይመስለኝም። ሰሌዳው ሁለት ሰዓት ተኩል ይላል። በሰው ሰዓት ከሆነ ደረጃው ገና ውሃ ውስጥ ነው፤ ኦክታቭም ዳቦ አልገዛም ነበር። በባሕር ሰዓት ከሆነ ግን ልክ የሚወረድበት ሰዓት ነው። የጻፈው ሰው የባሕር ሰዓት የሚቆጥር ነው። ኦክታቭ ያንን ሰዓት ከተወው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጸሐፊው ይህን ያውቃል፣ ግን ሲደነግጥ እጁ ከልጅነቱ የለመደውን ጻፈ።»

የግድግዳው ሰዓት ብቻ ይሰማል፣ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ።

«የባሕር ሰዓት የሚቆጥሩ እዚህ ሁለት ናቸው። አሁን የኦክታቭን መዳፍ ልንገራችሁ። ቀይ የሱፍ ቀለም አለበት፤ በጤዛ የራሰ ገመድ አጥብቆ ይዞ ነበር። ገመድ የሚለካው ሲወጠር ነው። እሱ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ፣ ክብደቱን ጥሎበት ይወጥረዋል። ሌላኛው ጫፍስ? እዚህ አገር ካስማ አይመታም። ሰው ነው የሚይዘው። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የገመዱን ሌላኛ ጫፍ ማን ይዞ ነበር? የአንሴልም እጅ ሳህን እንኳ አይችልም።»

ወደ መስኮቱ ሄዳ የመዝጊያውን ማሰሪያ ትፈታው ጀመር። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። ከሥር የተደበቀው ቀይ ክር ወጣ፣ ሌላም ወጣ። መዝጊያው ሲከፈት ብርሃኑ ሬሚ ፊት ላይ ወደቀ። ሽባው ሰው ደህናውን እጁን አነሳና ወደ ገደሉ አፍ፣ ሣሩ ወደተረገጠበት ቦታ ዘረጋ። እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ አለቀሰ።

«ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው» አለች ኤርሚን። ድምፅዋ አልተለወጠም። «ሁሉንም አይቷል። እዚያች ቦታ ላይ ዓይኑን ተክሎ አልነቅል አለኝ። ለዚህ ነው የዘጋሁት።»

«ገመዱን ለምን አልጣሉትም?»

«ሲወድቅ ከእጁ አምልጦ ሣሩ ላይ ቀረ። ደህና ገመድ እንዴት ይጣላል? የአባቴ ነው» አለች፣ ጥያቄው ራሱ ገርሟት።

ከዚያ ሳትለመን ተናገረች። «በየወሩ እኔ ነኝ የምይዝለት። ቁጥሩን ነግሮኝ አያውቅም። ከንቲባው ቤት ሲለጠፍ ነው የማየው፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አንድ። አምን ነበር። ያለፈው ሳምንት ጽጌረዳዬ ከነሥሩ ሄደች፤ እሷን ስተክል ከገደሉ አፍ ብዙ ትርቅ ነበር። ዛሬ ገመዱን ስይዝ በእጄ ምን ያህል እንደቀረ አወቅሁት። ‹ኦክታቭ፣ ዛሬ ስንት ልትጽፍ ነው?› አልሁት። ‹የለካሁትን ነዋ› አለኝ፣ እየሳቀ። ሬሚ በመስኮቱ ያየናል። አሥር ቀን እህል ያልበላው ትዝ አለኝ።» እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። «አልገፋሁትም። ለቀቅሁት።»

ክሎቲልድ አፏን በእጇ ያዘች። ከንቲባው ቁጭ አለ።

«አንድ ነገር ይቀረኛል» አለች ሶላንዥ፤ በዚህ ጊዜ ድምፅዋ ጠንካራ አልነበረም። «ከንቲባ ሎርሜል፣ ጫፉን ይዘው ግድግዳው ጋ ይቁሙ። እንዳይለቁ።» ወጥታ ገመዱን እስከ ገደሉ አፍ ወሰደችው፣ ተንበርክካ ለካች። ቀይ ክሩን በመስኮቱ በኩል ሁሉም ቆጠሩት። አራት ሜትር ከግማሽ።

ተመልሳ ከኪሷ ትንሽ ደብተር አወጣች። «ይህ ከኦክታቭ ኮት ኪስ የተገኘ ነው። ውጭ ሲሆን የሚጽፈው በእርሳስ ነው፣ ኪሱ ውስጥ ያለውም እርሳስ ነው። የዛሬው ቀን ግን፣ እንዳለፉት አራት ዓመታት ልኬቶች ሁሉ፣ በቀለም ተጽፏል። ከቤቱ ሳይወጣ የጻፈው ነው።»

ገልጣ ለኤርሚን አሳየቻት። ሴፕቴምበር ሃያ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ ሜትር።

ኤርሚን አየችው። መልሳ አየችው።

«አራት ዓመት ሙሉ ዋሽቶልሻል» አለች ሶላንዥ፤ «አንቺ» እንዳለቻት አላስተዋለችም። «ዛሬም ሊዋሽልሽ ነበር። ክሎቲልድን በዚህ በታች አታሳልፊ ያላትም ለዚህ ነው። በአፉ እያዳነ፣ በወረቀቱ ይዋሽ ነበር።»

«ታዲያ ምነው አልነገረኝም?» አለች ኤርሚን። «ምነው አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም?» አንሴልም ፊቱን በቆቡ ሸፈነ።

ቤቱ በዚያው ቀን እንዲለቀቅ ታዘዘ። ሬሚን ወደ መኪናው ሲወስዱት አልተቃወመም፤ አንገቱን ብቻ ወደ ኋላ አዞረ። ኤርሚን ደረጃው አናት ስትደርስ ሰሌዳው ጋ ለአፍታ እንዲያቆሟት ጠየቀች። ቀብር አልደረሰም፣ ግን እስከዚያ እንደማትቆይ ሁሉም ያውቅ ስለነበር ማንም አልከለከላት። በእጅጌዋ ሰዓቶቹን አጠፋች። ወፏ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ፤ ትታት ሄደች። ወፏን በሁለተኛው ሳምንት ዝናብ አጠፋት።

ቤቱ በፌብሩዋሪ ወደቀ። ባሕሩ ሦስት ቀን ወተት ሆነ፤ ጎብኚዎች በአውቶቡስ መጥተው ፎቶ አነሱት። ከእስር ቤት የኤርሚን ደብዳቤ ለአንሴልም ደርሶታል፣ ክሎቲልድ አነበበችለት። አንድ መስመር ብቻ ናት፤ «ሬሚ መስኮት አለው ወይ?» ትላለች። አንሴልምና ክሎቲልድ ሬሚ ያለበት የአረጋውያን መጦሪያ ድረስ ሄደው አይተዋል። አለው፤ የመኪና ማቆሚያ ያሳያል፣ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው የሚተኛው። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ ወር አለፈው፣ እስካሁን አልመለሱላትም።